የሀሴት ጥርስና ያልተመለሱት ሽማግሌዎች

ወይዘሮ እታገኘሁ በዕድሜያቸው ስንት የወተት ጥርስ ጣሪያ ላይ እንደወረወሩ እርሳቸውም አያውቁትም። የልጆቻቸውን፣ የዘመድ ልጆችን፣ የጎረቤቱን ሳይቀር የወለቀ ጥርስ እየተቀበሉ፣ በአሮጌው ፈንታ አዲስና ነጭ እንዲሰጥ ለምነው ወደ ቆርቆሮው ሲወረውሩ ኖረዋል። እንደዚያ የገና ዕለት ግን እጃቸው ቀልጥፎ አያውቅም። ልጃቸው ኤፍራታ ከጓዳ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ እስክትወጣ ድረስ የልጅ ልጃቸው የሀሴት ጥርስ አየር ላይ ነበር። ወዲያው ቆርቆሮው ኳ አለ።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ? እንደ ወጉ ነዋ! ይልቅ የልጅሽን ደም ጥረጊላት። ልጅ አይደለች? ይበቅላል።»

«የወተት ጥርሷ እኮ አምና ነው የወለቀው! ራስሽ አይደለሽ የወረወርሽው? ይሄ ዳግመኛ የሚበቅል አይደለም።»

ወይዘሮ እታገኘሁ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ነገሩ የመጣው በገና ጨዋታ ነው። ሀሴት ስምንት ዓመት ከሞላት ወዲህ «ሴት አይጫወትም» የሚባል ነገር አይገባትም። የሰፈሩ ወንዶች ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ሩሯን ሲያባርሩ፣ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ቆልማማ ዱላዋን ይዛ መሐላቸው ገባች። መግባት ብቻ ሳይሆን ጥሩ አድርጋ ትመታ ነበር አሉ። ከዚያ ከኋላዋ የተሰነዘረ ዱላ ሩሯን ስቶ አፏን አገኘ። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። የመታት ልጅ ከእርሷ በላይ እያለቀሰ ነው ጥርሷን በመዳፉ ይዞ ያመጣው። ወይዘሮ እታገኘሁ ከመዳፉ አነሱት፤ የቀረውን አይታችኋል።

ሀሴት አታለቅስም ነበር። ልጅቷ ደም የነካውን ጥልፍ እያየች፣ ምላሷን ባዶው ቦታ ላይ እየላከች፣ «እማ፣ በቃ እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው?» አለች። ከፊት ለፊት ነው የወለቀው፤ ስትስቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው። ኤፍራታ ያቺ ሳቅ ባትኖር ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ ያሉትን ዓመታት እንዴት ታልፋቸው እንደነበር አታውቅም። አሁን ልጇ አፏን በእጇ ሸፍና ስታወራ ስታይ፣ ያንን ሳቅ የሚቀማት ሰው ከተፈጠረ ሰማይና ምድር ቢገናኙ እንደማትለቅ ተሰማት።

ግን ወዴት ትሂድ? የገና ዕለት በአሰላ ክፍት የጥርስ ክሊኒክ መፈለግ በጾም ቀን ቅቤ እንደመፈለግ ነው። ስልኳን አወጣች። ስልኳ ውስጥ «የጥርስ ሐኪም» ተብሎ የተመዘገበ አንድ ቁጥር አለ። የሐኪሙን ስም ትታ ሙያውን የጻፈችው ስሙን ስለማታውቀው አይደለም። ስሙን ለመጻፍ ጣቷ እምቢ ስላላት ነው።

ቶላ ነው ስሙ።

ቶላ ለብዙ ዓመት ጅማ ከርሞ፣ በመስከረም አባቱን ሊቀብር መጥቶ በዚያው አሰላ ቀረ። በጥቅምት እርሷ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት የልጆቹን ጥርስ ሊያይ መጣ። ለመምህራኑ ሁሉ ቁጥሩን ሰጠ። እርሷም ከሁሉ ጋር ተሰልፋ እንደ ማንም ባዳ መዘገበችው። «ደህና ነሽ?» አላት። «ደህና ነኝ» አለችው። አንዳቸው የሌላውን ዓይን ሳያዩ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ስታየው የመንገዱን ማዶ የምትይዘው እርሷ ናት፤ ማዶውን ከያዘች በኋላ ዞር ብላ የምታየውም እርሷው ናት።

ያኔ እኮ እንዲህ አልነበሩም። የቶላ አባት ኦቦ በዳዳ ባለጋሪ ነበሩ፤ ዳማ የሚሏት ፈረስ ነበረቻቸው። ቶላ ከጅማ ለእረፍት ሲመጣ አባቱን አሳርፎ ጋሪውን እርሱ ይነዳ ነበር። ኤፍራታ ከኮሌጅ ስትወጣ በር ላይ ይጠብቃታል። ከኋላ እንደ ተሳፋሪ ትቀመጣለች፤ ከተማውን አልፈው ገብሱ የተዘናፈለበት መንገድ ላይ ሲደርሱ ከጎኑ ትሆናለች። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ፊታቸውን ሲገርፈው፣ «በርዶሻል?» ይላታል። ባይበርዳትም «አዎ» ትላለች። ዳማ መንገዱን ስለለመደችው ልጓሙን የሚይዝም አልነበረም። ኤፍራታ ከዚያ በኋላ ብዙ መኪና ተሳፍራለች፤ በአንዱም ግን የመድረሻው ነገር እንዲያ አስጠልቷት አያውቅም።

ከዚያ በኦቦ በዳዳ ጋሪ የቶላ ሽማግሌ መጣ። አባቷ አቶ ገብረሥላሴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ከሰሙ በኋላ፣ «ሰምተናል። ቤተሰብ ይመካከር። በሳምንቱ ተመለሱ» አሉ። ጓዳ ሆና የምታዳምጠው ኤፍራታ ነጠላዋን ነክሳ ዘለለች። በመጀመሪያው ቀን ልጅ የሚሰጥ ቤተሰብ የለማ! «ተመለሱ» ማለት በእኛ አገር ግማሽ እሺታ ነው። አባቷም ለተመላሾቹ ብለው ሙክት ገዝተው ግቢ ውስጥ አሰሩ።

ሳምንቱ ደረሰ፤ ማንም አልመጣም። ሌላ ሳምንት ሄደ። ቶላ ስልኩን አያነሳም፤ ወደ ጅማ ሄዷል አሏት። ሙክቱ ለፋሲካ ታረደና እርሷ አልቀመሰችውም። በዓመቱ በመኪና የመጡ ሌሎች ሽማግሌዎች ደጅ ላይ ሲቆሙ፣ «እንዳላችሁ» ብላ ተዳረች። ትዳሩ ሀሴትን ሰጣትና ፈረሰ። ባልየው አዳማ ሌላ ቤት ሠራ፤ እርሷ ልጇን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ቶላ ለምን እንዳልተመለሰ ግን እስከዛሬ አታውቅም። በመስከረም የአባቱ ለቅሶ ድንኳን ድረስ ሄዳ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ የተመለሰችው ያ ጥያቄ እግሯን አስሯት ነው።

አሁን ግን የልጇ ጥርስ ነው። ደወለች።

«ሄሎ?»

«ዶክተር» ልትል ነበር ያሰበችው። «ቶላ...» አለች።

ከወዲያ ማዶ፦ «ኤፊ?»

ያንን አጠራር ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ዋጥ አድርጋው የሆነውን ነገረችው። ድምፁ ወዲያው የሐኪም ድምፅ ሆነ።

«ከነሥሩ ነው የወጣው? አልተሰበረም?»

«ከነሥሩ ነው።»

«ጥሩ። ጥርሱ የት አለ?»

«ጣሪያ ላይ።»

«ምን ላይ?»

«እማዬ ወረወረችው።»

ታፍኖ የወጣ ሳቅ ሰማች፤ ታውቀዋለች ያንን ሳቅ። ወዲያው ግን ተመልሶ ኮስተር አለ። «ስሚኝ። ፈልጊውና ነጩን፣ የሚታየውን ክፍል ያዢ። ሥሩን እንዳትነኪው፣ እንዳታሺው። ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ክተቺው። ፈጥነን ከመለስነው ሊይዝ ይችላል፤ ከደረቀ ግን ተስፋ የለውም። እየመጣሁ ነው።»

«ቤታችን...»

«ቤታችሁን አውቀዋለሁ» አለና ዘጋው።

ኤፍራታ የጎረቤት መሰላል ተውሳ፣ የበዓል ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስራ ጣሪያው ላይ ወጣች። ወይዘሮ እታገኘሁ ከታች ሆነው፣ «ወደ ቀኝ! አይ፣ ወደ ጭስ መውጫው! እኔ የወረወርኩትን እኔ ነኝ የማውቅ!» እያሉ ያዛሉ። ቆርቆሮው ዳገት ስለሆነ በጉልበቷ ነው የምትሄደው። አንድ ጊዜ የዝገት ቅርፊት ጥርስ መስሏት አንስታ ጣለችው። ኋላ ወደ አሸንዳው ጎንበስ ስትል፣ በረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል መሐል እርጥበት ውስጥ ተኝቶ አገኘችው። ከአፍ ውስጥ ሲታይ ትንሽ የሚመስለው ጥርስ ሥሩ ያን ያህል ረጅም መሆኑን አታውቅም ነበር። በሁለት ጣቷ ነጩን ይዛ፣ «አገኘሁት!» ብላ ስትጮህ የሞተር ሳይክል ድምፅ ደጃፋቸው ላይ ቆመ።

ከጣሪያው ላይ ቁልቁል አየችው። ቶላ የውጪው በር አጠገብ ቆሟል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እርሱ ግን አይገባም። እግሩን አንስቶ መልሶ አሳረፈው።

«ግባ እንጂ!» አለችው።

ቀና አለ። ፀጉሯ ተበትኖ፣ ቀሚሷ ዝገት ነክቶት፣ ጣሪያ ላይ ተንበርክካ የልጅ ጥርስ ከፍ አድርጋ የያዘችውን ሴት አያት። ያንን አስተያየት ከገብሱ መንገድ ጀምሮ ታውቀዋለች። ያም ሆኖ ደጃፉ ላይ ማመንታቱን ስታይ፣ «አሁንም ይፈራናል፤ አሁንም ልቡ ሙሉ አይደለም» ብላ አሰበችና ከፋት። እርሱ ግን ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ በሩን አለፈ፤ ቀጥ ብሎ መጥቶ መሰላሉን ያዘላት። ስትወርድ ክንዷን ደገፋት። መሬት ከረገጠችም በኋላ ክንዷ የእጁን ሙቀት አልረሳም።

ወይዘሮ እታገኘሁ በጽዋ ወተት ይዘው ቆመዋል። ቶላን ሲያዩ ጽዋውን ለኤፍራታ አቀብለው ዞር አሉ።

ቶላ የሚሠራበት ትንሽ ክሊኒክ ቁልፍ ስለነበረው ሁሉም ወደዚያ ሄዱ። በዓል ስለሆነ ረዳት የለም። ሀሴትን ወንበሩ ላይ አስተኛትና ጎንበስ ብሎ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ» አላት። «መርፌዋ አንዴ ትወጋሻለች፤ ከዚያ አይሰማሽም። ጎል አግብተሻል የሚሉት እውነት ነው?» ሀሴት በደማች አፏ ልትስቅ ሞከረች። እናትየዋን መብራቱን እንድትይዝ፣ አያትየዋን የልጅቷን ራስ በሁለት እጃቸው እንዲያጸኑ አደረጋቸው። ጥርሱን ከወተቱ አውጥቶ አጠበ፣ ባዶውን ቦታ አጸዳ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ገፋው። ኤፍራታ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ጥርሱ ቦታው ላይ ነበር።

«አሁን ትንሽ በጣቴ ተጭኜ መያዝ አለብኝ። ከዚያ በቀጭን ሽቦ ከጎረቤቶቹ ጋር አስረዋለሁ» አለ። «ሀሴት፣ እንዳትናገሪ። ማንም እንዳይንቀሳቀስ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የጥድ ቅጠል ይዘው የሚያልፉ ሰዎች ጨዋታ ከውጪ ይሰማል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው ወይዘሮ እታገኘሁ የልጅቷን ራስ እንደያዙ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ የተናገሩት።

«አባትህ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም።»

«ግድ የለም እትዬ።»

«ግድ አለው እንጂ። በምን ፊቴ ልምጣ?»

ኤፍራታ ወደ እናቷ ዞረች። «ምን ማለት ነው በምን ፊቴ? ያልተመለሱት እነርሱ አይደሉም እንዴ? ተመለሱ ተብለው የቀሩት እነርሱ ናቸው!» ዓመታት ሙሉ ያመቀችው ነገር ገነፈለ። «ቶላ፣ አባዬ ሙክት ገዝቶ ነው የጠበቃችሁ። እኔ በመስኮት መንገዱን ሳይ ስንት ጊዜ መሸብኝ! ካልፈለግከኝ ለምን መጀመሪያውኑ ሽማግሌ ላክህ?»

ቶላ ጣቱን ከጥርሱ ላይ አላነሳም። ዓይኑን ብቻ ወደ እርሷ መለሰ። «ሙክት?» አለ። «ተመለሱ መባሉንማ አባቴ ሰምቷል። ግን ኤፊ፣ ጋሪያችሁን ከበራችን ላይ አንሱልን፣ መኪና ይገባል ተብሎ እንዴት ይመለሳል? ለዚያ ቀን ጋሪውን ቀለም አስቀብቶት ነበር። ዳማን ራሱ አጥቦ፣ ግንባሯ ላይ አበባ አስሮላት ነው የመጣው። ቤት ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ። ያን በር ዳግመኛ አልረግጠውም፣ አንተም እንዳትረግጠው ማልልኝ አለኝ። ማልኩለት።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ዛሬ ነው ያፈረስኩት።»

ኤፍራታ ደጃፉ ላይ ያየችው ማመንታት ምን እንደነበር አሁን ገባት። ያነሳውና መልሶ ያሳረፈው እግር ታያት፤ ለልጇ ብሎ የሟች አባቱን ቃል እንዳለፈ ታያት።

«የምን መኪና?» አለች። «እኛ ቤት መኪና ገብቶ አያውቅም። እማዬ፣ የምን መኪና ነው?»

ወይዘሮ እታገኘሁ አጎነበሱ። እንባቸው በአፍንጫቸው ዳር ወርዶ የሀሴት ፀጉር ላይ ጠብ አለ።

«አልነበረም» አሉ። «የሚገባ መኪና አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ቆሞ ያይ ነበር። የገብረሥላሴ ልጅ በጋሪ ተጠየቀች እንዳይሉኝ ብዬ ነው ጋሪውን አንሱ ያልኩት። አባትሽ አያውቅም። እስኪሞት ድረስ ለምን ቀሩ እያለ ይገርመው ነበር፤ እኔ ዝም አልኩት።»

እጃቸው ከልጅቷ ራስ ላይ ሊነሳ ሆነ። ቶላ ቀና ብሎ አያቸው። የሚናገረው ብዙ ነበረው፤ መናገርም ይገባው ነበር።

«እትዬ፣ ራሷን አይልቀቁብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲያው እንደያዙት ይያዙልኝ።»

ወይዘሮ እታገኘሁ ያዙ። ያ ትሕትና ከስድብ በላይ ነው የቆረጣቸው። በተሰበረ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ሽማግሌህን ላክ» አሉ። «ዛሬም ቢሆን ላክ። እኔው ራሴ ወጥቼ በሩን እከፍትላቸዋለሁ።»

«አይልክም» አለች ኤፍራታ።

ሁለቱም ደንግጠው ወደ እርሷ ዞሩ። ሀሴትም በዓይኗ ዞረች።

ኤፍራታ የራሷን ድምፅ የሰማችው እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ ደግሞም ደስ አላት። «ያኔ የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ» አለች። «አባዬ ቤተሰብ ይመካከር አለ፣ አንቺ ጋሪውን አንሱ አልሽ፣ ኦቦ በዳዳ አልረግጠውም አሉ፣ እርሱ ደግሞ ማለ። ሁላችሁም መለሳችሁ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ጓዳ ቁጭ ብዬ መልሴን ይዤ ጠበቅኩ። ስዳርም ይዤው ነበር፣ ስፈታም ይዤው ነበር። መንገድ ላይ ሳይህና ማዶውን ስይዝም ይዤው ነበር፣ ቶላ። ከእንግዲህ ልይዘው አልችልም።» ቀና ብላ አየችው። «እሺ ነው። ያኔም እሺ ነበር፤ አሁንም እሺ ነው።»

ቶላ አልተንቀሳቀሰም፤ መንቀሳቀስ አይችልማ! ጣቱ የልጅቷ ጥርስ ላይ ነው። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ያቺ አንዲት ጣት ግን አልተነቃነቀችም። እንባው ዝም ብሎ ጉንጩ ላይ ይወርዳል።

«ኤፊ» አለ፣ ሳቅም ልቅሶም በሆነ ድምፅ። «እንዲህ ያለ ነገር እጄ ሲፈታ አይነገረኝም ነበር?»

«እስኪፈታ ብጠብቅ ደግሞ ማን ያውቃል?» አለችው።

«ጥርሱ መያዝ አለመያዙን እኮ ዛሬ አላውቅም። ወራት ይፈጃል። ሊያሳዝነን ይችላል።»

«አብረን እናየዋለን።»

ሀሴት መናገር ስለተከለከለች ትንሿን እጇን አንስታ የሐኪሙን ጋውን ጫፍ ጨበጠች። ኤፍራታ መብራቱን ወደ ግራ እጇ አዛወረች፤ በቀኟ የነጠላዋን ጥለት ሰብስባ ወደ ፊቱ ተጠጋችና እንባውን ጠረገችለት። ሌላ ወረደ። ያንንም ጠረገችው።